የልጆች ብዛት

ስልኩ ሲጮህ መካኒኳ ከስፌት መኪናው ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ፣ የተበጠሰውን ቺንጋ በጥርሷ ይዛ፣ በእጇ ካቻቢቴዋን ወለሉ ላይ እየዳበሰች ነበር።

«ዶክተር፣ ስልክሽ አበደ!» አለች መኪናዋ የቆመባት ሰፊ።

ሰፊዎቹ ዶክተር የሚሏት ሳታዳምጥ ስለማትከፍት ነው። ጆሮዋን መኪናው ላይ ደገፍ ታደርግና፣ «ይቺ መርፌዋ ደህና ነው፤ ብሎኗ ነው የላላው» ትላለች። ተፈትቶ ሲታይ እንዳለችው ነው። እዚህ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ሁለት መቶ መኪና ስታዳምጥ ኖራለች።

ቺንጋውን ተፍታ ስልኩን አነሳች። የደወለው የውጭ አገር የሥራ ጉዞ የሚያስጨርሰው ወኪል ነበር።

«እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የውጩ ፋብሪካ ወዶሻል። ፎርሙን ሞልተሽ፣ ፈርመሽ፣ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ታመጪያለሽ።»

ከመኪናው ሥር ተስፈንጥራ ወጣች። ወዲያው ግን ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አላት። «ሞልቼዋለሁ። ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶኛል።»

«የቱ የቱ?»

«የጋብቻ ሁኔታና የልጆች ብዛት።»

ወኪሉ በረጅሙ ተነፈሰ። «ነገርኩሽ እኮ። ያላገባች። ልጅ፣ ዜሮ። እንደሱ ከሆነ ጉዳይሽ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ከነቤተሰብ ካልሽ ስምንት ወር ነው፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። እነሱ ሰው የሚፈልጉት ለመጪው ወር ነው። አንቺ መጀመሪያ ግቢ፤ ከዚያ ትስቢያቸዋለሽ።»

«ልጆቼ ገመድ ናቸው እንዴ የምስባቸው?»

«ቀልዱን ለሌላ ጊዜ አቆይው። ካንቺ ቀጥሎ ተጠባባቂ አለ። አሥር ሰዓት!» ብሎ ዘጋው።

መካኒኳ አዲስ ቺንጋ ገጠመች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ጆሮዋን ደግፋ አዳመጠች። ከዚያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ተቆጣጣሪው ሄደች።

«ጉዳይ አለኝ፤ ልወጣ ነው።»

«የግማሽ ቀን ፈቃድ ብሎ ነገር የለም» አለ ተቆጣጣሪው ቀና ሳይል። «ደግሞ ውጭ ልትሄጂ ነው አሉ። እዚያም ብትሄጂ መኪና መኪና ነው፣ ዘይትም ዘይት ነው። ምን የተለየ ነገር አለ ብለሽ ነው?»

«እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይገባል።»

«ከወጣሽ ቀሪ ነው የማደርግሽ።»

«አድርገኝ» አለችና ካቻቢቴዋን ኪሷ ከትታ ወጣች።

ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ያለችው እውነቷን ነው። ሌላው ሰው ውጭ አገር ሲል ፎቅና መኪና ይታየው ይሆናል፤ እሷ የሚታያት እራት ነበር። ባሏ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ሾፌር ነው። ትልቋ ልጃቸው ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷን «የእሁዱ አባዬ» ብላ ነው የምትጠራው። አንዴ በማክሰኞ አሞት ቤት ዋለ። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ አልጋው ላይ ስታየው ሄዳ የእሁድ ጫማዋን አደረገች። መካኒኳ ያን ቀን ማድቤት ገብታ አለቀሰች፤ ለቅሶው ሲያልፍላት ግን ማመልከቻ ጻፈች።

የውጩ ፋብሪካ ፎርማን በቪዲዮ ሲፈትናት መኪና ፈታ ገጥማ አሳየችው። በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲላት፣ በተሰባበረ የሰው አገር ቋንቋዋ፣ «እናንተ ስንት ሰዓት ላይ ቤታችሁ ትገባላችሁ?» አለችው። ሰውየው ሳቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚያበቁ፣ የልጆች መዋያው ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት እንደሆነ ነገራት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን በር በሐሳቧ ስንቴ ተሻግራዋለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ትንሹን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሾርባ በማንኪያ ያጎርሱታል። ትልቋ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ለአሻንጉሊቷ ትምህርት እያስተማረች ነው።

መካኒኳ እናቷን «እትዬ» ነው የምትላቸው። ስድስት ዓመቷ ሳለ ጥለዋት ወደ ሰው አገር ለሰው ቤት ሥራ ሄዱ። ሲመለሱ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። በመሀል «እማዬ» የሚለውን ስም ያሳደገቻት አክስቷ ወስዳዋለች። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም፤ ግን እንደ ደህና ጎረቤት ነው የሚኖሩት። ይከባበራሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ በሩን አንኳኩተው ይገባሉ።

«በሰላም ነው በዚህ ሰዓት?» አሉ እናቷ።

«ፋብሪካው ተቀብሎኛል፣ እትዬ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ማንኪያው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «መቼ ነው?»

«ብቻዬን ከሆነ በሚቀጥለው ወር። ከነልጆቼ ከሆነ አይታወቅም።»

እናቷ ትንሹን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ሂጂ። ልጆቹን ለእኔ ተዪልኝ። እኔ እያለሁ ምን ይጎድልባቸዋል? አንድ ዓመት እኮ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ናት።»

«እርስዎም አንድ ዓመት ብለው ነበር የሄዱት።»

ከጠረጴዛው ሥር ልጅቷ አሻንጉሊቷን ስትቆጣ ብቻ ይሰማል።

መካኒኳ እንዲህ ለመናገር አላሰበችም ነበር። አንዴ ካመለጣት ግን ለመመለስም አልፈለገችም። «ልብስ ይልኩልኝ ነበር፣ እትዬ። ሁልጊዜ ይጠበኛል። አንድ ቀን እንኳ ልኬ መጥቶ አያውቅም። አክስቴ ስፌቱን እየተረተረች፣ ከጎኑ ጨርቅ እየቀጠለች ታለብሰኛለች። የልብስ ስፌት እንዴት እንደለመድኩ ጠይቀውኝ አያውቁም። እንደዚያ ነው የለመድኩት።»

«ማደግሽን መች አጣሁት» አሉ እናቷ በቀስታ። «ሱቅ ስገባ ግን እጄ የሚያነሳው ትንሿን ነው። ትቼሽ የሄድኩትን ያህል ነው የማነሳው።»

«እኔም ትቻቸው የሄድኩትን ያህል እንዳነሳ ነው የሚፈልጉት?»

«ክፉ አስቤ አይደለም። አንቺን አላሳደግኩም። እነዚህን ላሳድግ ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። መካኒኳ ቦርሳዋን ከፍታ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ነገሩን ወደ ወረቀት ብትመልሰው የሚቀላት መስሏት። «ለማንኛውም ሰውየው የሚለው ይኼንን ነው። እዚህ ጋ ያላገባች፣ እዚህ ጋ ደግሞ የልጆች ብዛት ዜሮ ብዬ እንድጽፍ።»

እናቷ ማንኪያውን አስቀመጡ። ትንሹ አፉን ከፍቶ ቢጠብቅም አላዩትም።

«ምን ብለሽ?»

«ዜሮ።»

«አንብቢው እስቲ። እንደተጻፈ አንብቢልኝ።»

«የልጆች ብዛት። ካለ ስምና ዕድሜ ይገለጽ።»

እናቷ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። ማንበብ ሳይሆን የሰው ፊት እንደሚያዩ ነበር የሚያዩት። «እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሞልቶ የሰጠኝ ደላላው ነው። ባዶ ክብ አደረገና ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ። ወረቀት ነው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ። በሦስተኛው ዓመት እመቤቲቱ፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ልጅሽን አምጪያት፣ ከልጆቼ ጋር ትማር አለችኝ። በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። የቪዛ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ፋይሌን አወጣና፣ አንቺ እኮ ልጅ የለሽም አለኝ። አለኝ አልኩት። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። የራሴ ፊርማ ነው። ያኔ ዋሽተሽ ከሆነ ዛሬ ነው የምትባረሪው፤ አሁን እየዋሸሽ ከሆነ ደግሞ የማን ልጅ ናት? አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

እናቷ ትንሹን አቅፈው ተነሱና መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጧት።

«የእህቴ ልጅ ናት አልኩት።»

መካኒኳ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እናቷ ሊያመጧት ያልፈለጉ፣ ወይም የረሷት፣ ወይም በሰው አገር የደላቸው ይመስላት ነበር። ለእያንዳንዱ ሐሳብ በየተራ ተናድዳለች፤ አሁን ንዴቷን የምታሳርፍበት ጠፋት።

«ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገሩኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ስምሽን ጠይቀውኝ ካድኩሽ ብዬ? ብትጠዪኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።» ከዚያ ድንገት ዞር አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ደርቋል። «ስሚኝ። ዜሮ ብለሽ የጻፍሽ እንደሆን እነዚህን ልጆች አልይዝልሽም! ሰምተሻል? አንድ ቀን እንኳ አብሬአቸው አላድርም። እደጅሽ አስቀምጬልሽ ነው የምሄደው!»

«ቅድም ተዪልኝ አላሉም?»

«ቅድም ሌላ ነው!»

ትልቋ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች። «ማን ነው ዜሮ ያገኘው?» አለች። አስተማሪዋ ዜሮ መጥፎ ነው ብላታለች።

«ማንም አላገኘም» አለች መካኒኳ፤ ሳትወድ ሳቅ አመለጣት።

ከውጭ የትልቅ አውቶቡስ ጥሩምባ ሁለቴ ጮኸ። ሾፌሩ በቀትር ሠራተኞቹን ካራገፈ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል እረፍት አለው፤ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ግን መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ሚስቱ ደውላለት ሃምሳ ወንበር ያለውን ሰርቪስ ይዞ ጠባቡ ሰፈር ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ በሩ ላይ ስታየው መጀመሪያ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች፣ ከዚያ ተንደርድራ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

ወሬውን ቆሞ ሰማ። «እኔንስ ምን አደረጉኝ?» አለ።

«የለህም።»

«ጨርሶ?»

«ያላገባች ነው የሚለው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ያኮረፍሽኝ እንዲያው በነጻ ነዋ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሳቁን ተወው። «የምሬን ግን፣ ቦታው ቢያመልጥሽስ? እንደዚህ ያለ ዕድል በር እየዞረ አያንኳኳም። ሂጂ ብዬ አልገፋሽም፤ ቅሪም አልልሽም። ኋላ በእናንተ ምክንያት እንዳትይ ብቻ።»

«እኔ እኮ የምሄደው ካንተና ከልጆቼ ጋር እራት ልበላ ነው» አለች። «እናንተን ትቼ ከሄድኩ ከማን ጋር ልበላው? ከፎርማኑ ጋር?»

«ፎርማኑ ያውቃል ይኼን ነገር?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ስልኳን አነሳች። ወኪሉ በቀጥታ እንዳትደውል አስጠንቅቋት ነበር፤ የፎርማኑን ቁጥር ግን ከፈተናው ቀን ጀምሮ አስቀምጣዋለች። ጠረጴዛው ላይ አቁማ ድምፁን ለቀቀችው። ሲያነሳ ከኋላው የመኪኖቹ ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ነኝ፤ መካኒኳ። ባል አለኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። የእናንተ ወኪል የሉሽም ብለሽ ጻፊ ይለኛል። እኔ አልጽፍም።»

«እንደዚያ ጻፊ ብለን አናውቅም» አለ ፎርማኑ። «ግን ሰው የሚያስፈልገን ለመጪው ወር ነው። ከቤተሰብ ጋር ይዘገያል። እስከዚያ ሌላ ሰው ከያዝን ቦታው ይሄዳል። ልዋሽሽ አልችልም።»

«ይሂድ። ስሜን ግን ከነልጆቼ አስቀምጥልኝ። መካኒክ ሲጠፋችሁ ትፈልጉኛላችሁ።»

«ልጆችሽ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሴቷ አምስት ዓመቷ ነው። ወንዱ ዘጠኝ ወሩ።»

«ጥርስ አወጣ?»

«ሁለት።»

ሰውየው ሲስቅ ተሰማ። «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሦስቱም ጥርስ ሲያወጡ እንቅልፍ ነስተውኛል። ፋይልሽን አልጥለውም። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።»

«አልጠየቅኩህም» አለችና አመስግናው ዘጋችው። ሾፌሩ እጁን እጇ ላይ ጣል አደረገ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ስምንት ተኩል አልፏል።»

«ተነሱ። ሁላችሁም።»

በዚያች ሰዓት ሃምሳ ሰው የሚጭነው ሰርቪስ አምስት ሰው ጭኖ ከሰፈሩ ወጣ። ልጅቷ ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረች በእያንዳንዱ ላይ ተቀመጠች። የመካኒኳ እናት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትንሹን አቅፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊት ለፊት እያዩ ይሄዳሉ።

«አለቆችህ ቢያዩህስ?» አለች መካኒኳ።

«ሰርቪስ ሠራሁ እላቸዋለኋ» አለ ሾፌሩ ማርሽ እየቀየረ።

የወኪሉ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የፎቆችና የባሕር ዳርቻ ፎቶ ተለጥፏል። አግዳሚው ላይ ሦስት ወጣት ሴቶች ፎርማቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ወኪሉ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ሲያይ አምስቱም በሩን ሞልተውታል።

«ምነው? ሁላችሁም?»

«ዜሮዎቹ ናቸው» አለች መካኒኳ። «እንድታያቸው ብዬ ነው።»

ከወጣቶቹ አንዷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ወኪሉ ግን ፊቱ ቀላ። «እህቴ፣ እኔ ላንቺው ብዬ ነው። ስንቱን በዚህ መንገድ አሳልፌአለሁ። ማን ይጠይቅሻል?»

«እኔን ጠይቀውኛል» አሉ እናቷ።

ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ወደ እሳቸው ዞረ። ወኪሉ ንግግራቸውን እንዲቀጥሉ የጠበቀ መሰለ፤ እሳቸው ግን አልቀጠሉም። ትንሹን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና ቆሙ።

«ከነቤተሰብ ከሆነ ዓመት ይፈጅብሻል» አለ ወኪሉ ወደ መካኒኳ ተመልሶ። «እስከዚያ ቦታው አይጠብቅሽም።»

«ፎርማኑም ነግሮኛል።»

«ለፎርማኑ ደወልሽ?» ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ጥቂት አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፤ አንድ ነገር ልምከርሽ። በእርሳስ ጻፊው። ሁለትም በይ፣ ስንትም በይ። እስከ ሰኞ እኔ ጋ ይቆያል። ሐሳብሽን ከለወጥሽ ትደውይልኛለሽ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ። ማንም አይጎዳም።» የተቀረጸ እርሳስ ከብርጭቆ ውስጥ አውጥቶ ዘረጋላት።

መካኒኳ እርሳሱን ተቀበለችው። አገላብጣ አየችው። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ብዙ ይፈራል። ራሷን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ በሐሳቧ ያንን የመዋያ በር መቶ ጊዜ ትሻገረዋለች፣ እሁድ ማታ ስልኩን ታነሳለች። እናቷ እንዲያ ያለ ሰኞ አልነበራቸውም፤ እሷ ግን አላት፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው።

እርሳሱን ብርጭቆው ውስጥ መለሰችው።

«እስክሪብቶ ስጠኝ።»

ወኪሉ አልተንቀሳቀሰም። ከአግዳሚው ላይ፣ ቅድም ሳቋን ያፈነችው ወጣት፣ የራሷን እስክሪብቶ ዘረጋችላት።

መካኒኳ ጎንበስ አለች። በጋብቻ ሁኔታ ቦታ ላይ «ያገባች» ብላ ጻፈች። በልጆች ብዛት ቦታ ላይ 2 ብላ ጻፈች። ከዚያ ቁጥር ቀጥሎ ሌላ ቁጥር ሊጨመርበት፣ ወይም ሊደለዝ እንደሚችል ታያትና፣ አጠገቡ በፊደል «ሁለት» ብላ ደገመችው። ከሥር የሁለቱን ስምና ዕድሜ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተጫነች፣ በጥንቃቄ ሞላችው። ፈርማ ወረቀቱን ወደ ወኪሉ ገፋችው።

እስክሪብቶውን ለወጣቷ ስትመልስላት አልተቀበለቻትም። የራሷን ፎርም ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዜሮ የተጻፈበትን ቦታ በጣቷ ሸፍና ተቀምጣ ነበር።

«ያዢው» አለቻት መካኒኳ፤ እስክሪብቶውን መዳፏ ውስጥ አስቀምጣላት ልጇን ከእናቷ ትከሻ ተቀበለች።